ኪሎ ሜትር ያልበላ መኪና ፍለጋ በቦረና መንገድ

ሞያሌ ላይ አንድ አስፋልት ሁለት ሕግ አለው። ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣ ሾፌር ቀኙን ይዞ ድንበር ይደርሳል፤ ኬንያ እንደገባ ወደ ግራ ይሻገራል። ኢትዮጵያ በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም ሲሆን ኬንያ ግን ከእንግሊዝ የወረሰችውን የግራ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። ስለዚህ ከማዶ ያሉት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው።

ለተራ መንገደኛ ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ላይሆን ይችላል። ከሞያሌ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ያቤሎ ተቀምጦ በደንብ የተያዘ፣ ብዙ ያልተነዳ አሮጌ መኪና ለሚፈልግ ሰው ግን አንድ ትልቅ በር ይዘጋበታል። የምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ የስፖርት መኪና ፍቅር ያለው በዚሁ በደቡቡ መንገድ ጫፍ፣ ናይሮቢ ውስጥ ነው። በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አሮጌ መኪኖች በውበትና በአያያዝ የሚወዳደሩበት በዓል አለ፤ ሰው ከነቤተሰቡ ወጥቶ ያያቸዋል። ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ በማርሳቢትና በሞያሌ በኩል ወደ ያቤሎ መንዳት በካርታ ላይ ቀላል ነው። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ግን ለኢትዮጵያ መንገድ አይሆንም። የኢትዮጵያ የማስገቢያ ሕግም እንኳን መሪው ላልተስማማ፣ ለተስማማውም አልተመቸም።

የኬንያን መኪኖች ያስከበራቸው ሳፋሪ ራሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ይህ ውድድር በጭቃና በአቧራ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስሮጥበት ዘመን ነበር። የአዲስ አበባ ሰው «ቮልስ» እያለ የሚጠራት ትንሿ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አንደኛ ወጥታለች። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አራት ጊዜ፣ ፔጆ 504 ደግሞ በ1970ዎቹ ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተሰብ መኪና ሆነው የኖሩት እነዚሁ ናቸው፤ ለኬንያውያን ግን የጀግና መኪኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ እውነተኛ ስፖርት መኪና መጣ፦ ዳትሰን 240ዜድ። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ኮፈኑ ረጅም፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ። በዚያ ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ወጣ። በ1973 ደግሞ የኡጋንዳ ተወላጁ ሼካር ሜህታ በዚያው ዓይነት መኪና አሸነፈ፤ ሜህታ በኋላ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸንፎ ድሎቹን አምስት አድርሷል።

እነዚያ መኪኖች ሲሠሩ ለመነዳት ነበር፤ ዛሬ ከሁሉ የሚወደዱት ያልተነዱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አንድ የ1971 ዳትሰን 240ዜድ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 310 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ግማሽ ክፍለ ዘመን ቆይቶ የነዳው መንገድ 35 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የ1994 ቶዮታ ሱፕራ 121 ሺህ ዶላር አውጥቷል፤ እሱም ጥቂት ብቻ የተነዳ ነበር። ተመሳሳይ ሞዴል ሆኖ ብዙ የተነዳ፣ ቀለሙ የተቀየረና ሞተሩ የተነካካ ሱፕራ ከዚህ በብዙ እጥፍ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለምና፦ ከፋብሪካ የወጣው ቀለም፣ የመጀመሪያው ወንበር፣ ማንም ያልፈታው ብሎን ተቆጥረው ዋጋ ያወጣሉ። አንድ መኪና እንደገና ሊቀባ፣ ሞተሩም እንደገና ሊታደስ ይችላል፤ መጀመሪያ የተሠራበትን ሁኔታ ግን አንዴ ካጣ ገንዘብ አይመልሰውም።

ያም ሆኖ ገበያው በዓለም ዙሪያ ጠባብ ነው። ከ30 እና ከ50 ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ የተጋጨው፣ የዛገው፣ ለመለዋወጫ የታረደው ሁሉ ከቆጠራው ይወጣል። አሜሪካኖች ዕድሜው 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከደኅንነት ደረጃ መስፈርት ነፃ አድርገው ስለሚያስገቡ በየዓመቱ አዲስ የሞዴል ዓመት ይከፈትላቸዋል፤ የዚያኑ ያህል የዓለም ገበያ ይጠባል። ኬንያ በተቃራኒው በመደበኛው ሕጓ ከ8 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ያገለገለ መኪና አታስገባም።

የኢትዮጵያው ጥበት ግን ከሁሉም የተለየ ነው፤ በሦስት ተከታታይ እርምጃዎች ተጠናቋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲጨምር አደረገ፤ ለአሮጌና ትልቅ ሞተር ላለው መኪና እስከ 500 በመቶ ደረሰ። አሜሪካ ለዕድሜ ክብር ስትሰጥ እዚህ ዕድሜ ቅጣት ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱ ጭስ የሚያወጣና አደጋ የሚያበዛ አሮጌ መኪና አገሩን እንዳይሞላው ነበር፤ ሰብሳቢ ተብሎ በልዩ ዓይን የሚታይ ገዢ ለሌለበት አገር ሕጉ የተጻፈው ለብዙኃኑ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት በመከልከል በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ከዚያ በስድስተኛው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ።

ውጤቱን ለማየት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። የአገሩ የነዳጅ መኪና ከእንግዲህ ያለው ይኸው ነው። በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚጨመር የለም። በደንብ የተያዘ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከመሸጥ መያዝን ይመርጣል፤ የሚሸጠውም ቸግሮት ነው፣ ወይም መኪናው አንድ የተደበቀ ጉድ አለበት። የፈላጊው ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሰብሳቢ የሚሆን መኪና የትኛው ነው? ፌራሪና ፖርሽ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ብዙም ሳይሄድ ይመለሳል። የንጉሠ ነገሥቱ ታላላቅ መኪኖች በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚታዩ እንጂ የሚሸጡ አይደሉም። አዲስ አበባ ላይ በእውነት የሚፈለገው ቮልስ ነው። የዚህች መኪና ታሪክ ከአገሩ ታሪክ ጋር በአንድ ቀን ተቆራኝቷል፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዚያው ቤተ መንግሥት አውጥቶ የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነው። ከሮልስ ሮይስ ወደ ቮልስ የተደረገው ያ ጉዞ በዓለም ጋዜጦች ተጽፏል።

ቮልስን የስፖርት መኪና ዘመድ ብሎ መጥራት ማጋነን አይሆንም። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ፣ 356 የተባለው፣ ብዙ ክፍሎቹ ከእሷ የተወሰዱ ነበሩ። ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ ነፋስ፣ ራዲያተር የላትም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ትሮጣለች፤ ወጣቶች ገዝተው ቸርኬዋን ቀይረው፣ አዲስ ቀለም ቀብተው ይነዷታል። ለመንዳት የሚያምር ነው፤ ለሚሰበስብ ሰው ግን ያልተቀባችዋና ያልተለወጠችዋ ትበልጥበታለች፣ እሷም እየጠፋች ነው።

ቮልስ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ አምስት አኃዝ ብቻ ነው ያለው። 99,999 ሲደርስ ተገልብጦ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ 43,000 የምታሳይ ቮልስ 43 ሺህም፣ 143 ሺህም፣ 243 ሺህም ልትሆን ትችላለች፤ ማንም ሳይነካካው፣ ማንም ሳያጭበረብር። ሻጩ «43 ሺህ ብቻ ነው» ሲል መዋሸቱ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ሲገዛ የተነገረውን ይሆናል የሚደግመው።

ያቤሎ ላይ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። እዚህ ሰው ዓይኑ የሚንከራተተው በላንድክሩዘር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው 70 የተባለው ዝርያ፣ በተለይ «ሃርድ ቶፕ» የሚባለው ረጅሙና ፒክ አፑ፣ እንዲሁም ከ1990 የመጣውና ሕዝቡ «ኮብራ» ያለው 80፣ በደቡቡ ቆላ የክብርም የሥራም መኪና ናቸው። በ70ው ውስጥ ከ1990 ጀምሮ የገባው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ሜጋም ሆነ ነገሌ ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። ውጭ አገርም ይህ መኪና ከሥራ መኪናነት ወደ ተሰብሳቢነት አልፏል፤ የእሱ ቀዳሚ የሆነው 40 የተባለው ላንድክሩዘር በአሜሪካ ጨረታዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ ታይቷል። ለቦረናና ለጉጂ ሰው ሁለት ወንበር ያለው ዝቅተኛ መኪና ከያቤሎ ኮንሶ ባለው 105 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ምን ይጠቅመዋል? ፍቅሩ የወደቀው ሸለቆውን በሚሻገርበት መኪና ላይ ነው።

እነዚህ መኪኖች ወደ ደቡብ የመጡበት መንገድ የታወቀ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ የተቋቋመው የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ዋና ቢሮው ያቤሎ ነበር፤ ኩሬ ይቆፍር፣ መንገድ ይጠርግ፣ ከብት ያስከትብ ነበር። ከእሱ በኋላ የምርምር ተቋማት፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች መጡ። ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ በቀረበት፣ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በተራዘመው ድርቅ ጊዜ የቦረና ከብት በየሜዳው ሲያልቅ ውኃና እህል ተከትለው የገቡትም ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ጎብኚዎች አሉ፦ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ብቻ የሚኖረውን የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራና ነጭ ጭራዋን ጨረባ ለማየት ከአዲስ አበባ በኪራይ ላንድክሩዘር የሚመጡ። አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከነዚህ ከየትኛው ቤት እንደወጣ ማወቅ ከቆጣሪው በላይ ይናገራል።

ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። ከአዲስ አበባ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 1,140። አንድ የፕሮጀክት መኪና ይህን በወር ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ የመስክ ሥራውን ሳይጨምር፣ በዓመት ከ27,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በአሥር ዓመት 270 ሺህ አለፈ። እንግዲህ መስክ ላይ 15 ዓመት የኖረ ሃርድ ቶፕ 90 ሺህ አሳይቶ ገበያ ቢቀርብ፣ በዓመት 6,000 ብቻ ሄዷል ማለት ነው። ሊሆን አይችልም አይባልም፤ መለዋወጫ አጥቶ ዓመታት የቆመ፣ ፕሮጀክቱ ያበቃበት፣ በፍርድ ክርክር ግቢ ውስጥ የታሰረ መኪና አለ። ነገር ግን ሻጩ ያን ታሪክ በማስረጃ ማሳየት አለበት።

የዱብሉቅና የሐሮ በኬ የከብት ገበያ ነጋዴ የጊደርን ዕድሜ ባለቤቷን አይጠይቅም፤ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። መኪናም ጥርስ አለው። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ጎማ ጥርሱ ጠፍቶ ብረቱ ብቅ ካለ፣ የመሪው ቆዳ በሁለቱ እጅ ማረፊያ ላይ እንደ መስታወት ካበራ፣ የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ከረገበ፣ 60 ሺህ የሚል ቆጣሪ አይታመንም። የሾፌሩ በር ሲዘጋ ከፍ ማድረግ የሚያስፈልገው ከሆነ ማጠፊያው በሺህ ጊዜ መከፈት ደክሟል። ፔዳሉ ብቻ አዲስ ሆኖ ሌላው አሮጌ ከሆነም ጥያቄ ነው፤ ማን ቀየረው፣ ለምን?

የቦረና መንገድ ደግሞ የራሱን ምልክት ያትማል። የፊት መስታወቱን ማየት የሚሻለው ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከፊት ስትሆን ነው። ከፊት የሚሄደው ከባድ መኪና የሚወረውረው ጠጠርና አሸዋ መስታወቱን በትንንሽ ነጥብ ይወጋዋል፤ በቀትር የማይታየው ነጥብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉ ይበራል። ምንጣፉ ሥር፣ የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ፣ የበሩ ላስቲክ ሥር ያለው ቀይ አፈር ታጥቦ አያልቅም። ባሌስትራው ጠፍጥፎ ከቀረ ጭነት ተሸክሟል። የግራር እሾህ በጎኑ ላይ የተወው ረጅም ጭረት በቀለም ቢሸፈንም በብርሃን ሲታይ ይለያል። ጎማ ጠጋኝ ዘንድ የተመላለሰ ቸርኬ ጠርዙ በማንሻ ተቆራርጧል።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። የቦረና አየር ደረቅ ነው። ብረትን የሚገድለው ውኃና ጨው እንጂ አቧራ አይደለም። በባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ ውስጥ ወይም በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት አገር የኖረ መኪና ከውጭ ሲያዩት አምሮ ከሥሩ እንደ ወንፊት ሊበሳ ይችላል። ከያቤሎ የወጣ መኪና ግን ሞተሩ ደክሞ፣ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ፣ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ተሰንጥቆ ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ሞተርና ላስቲክ ይተካሉ፤ የተበላ ሻንሲ ግን መኪናውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቆጣሪው ከፍ ያለ የቆላ መኪና፣ ቆጣሪው ዝቅ ካለ ዝገት ከበላው መኪና ይሻላል የሚለው ሐሳብ ጠንካራ ነው። ከዚህ የሚወጣ አንድ ብቻ አለ፦ ከኤል ሶድ ጉድጓድ የሚወጣውን ጨው የጫነ ፒክ አፕ። ከያቤሎ በስተ ደቡብ ባለው በዚያ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሰዎች ጥቁር ጭቃውን እየዛቁ ጨው ያወጣሉ፤ በአህያ ጭነው አቀበቱን ይወጣሉ፣ ከላይ መኪና ይረከባል። የእንዲህ ዓይነቱ ፒክ አፕ የጭነት አልጋ ከሥር መታየት አለበት።

ጥቂት የተነዳ ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። የቆመ መኪና ሳይሠራ ያረጃል። ቤንዚን በታንኩ ውስጥ ቆይቶ ሙጫ ይሆናል፣ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ናፍጣ ውኃ ይስባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ጠጥቶ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። የሞተሩ ማኅተሞች ዘይት ሳይነካቸው ይደርቁና መኪናው በተነሳ በሳምንቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጠቀ ይሆናል። እዚህ ላይ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ቀላል ነገር አለ፦ ጎማው ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» የሚል ምልክት ካለበት መስመር መጨረሻ አራት አኃዝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2315 ካለ እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «ጎማው ከፋብሪካ የመጣው ነው፣ አልተቀየረም» የተባለለት የ1998 መኪና ጎማው 2315 ካለ፣ የሻጩ ቃል በራሱ ጎማ ተክዷል። የመቀመጫ ቀበቶው ጫፍ ላይ የተሰፋው ጨርቅም ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ቀን ይዟል፤ የመስታወቶቹ ማኅተምም እንዲሁ። አንዱ መስታወት ከሌሎቹ ከተለየ፣ መኪናው በዚያ በኩል ምን አገኘው ተብሎ ይጠየቃል።

ቀለሙን ለመመርመር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ላሜራው ላይ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ካልያዘ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። የኮፈኑና የመከለያው ብሎኖች ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ቀለም ከተላጠ ቁልፍ ነክቷቸዋል። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ መነሳት አለበት፤ ገዢው ሳይደርስ አስነስቶ የጠበቀ ሻጭ ብርዱን ደብቋል። ቮልስ ከሆነች ከኋላዋ ተንበርክኮ የጭስ ማውጫውን ጭስ ማየት፣ ላንድክሩዘር ከሆነ ደግሞ በአራቱም ጎማ ማርሽ አስገብቶ አሸዋ ላይ መንዳት ነው። ያቤሎ ለዚህ የሚሆን አሸዋ አላጣችም።

ቆጣሪ ወደ ኋላ መመለስ ጥንት ብሎን ፈትቶ ቁጥር በእጅ የማዞር ሥራ ነበር፤ ዛሬ በዲጂታሉ በትንሽ መሣሪያ በደቂቃዎች ይሠራል። በአሮጌው ሜካኒካል ቆጣሪ ላይ ቁጥሮቹ ተስተካክለው ካልተሰለፉ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ፣ ሰው ነክቶት ይሆናል። በአዲሶቹ አንዳንድ ሞዴሎች ቁጥሩ ከዳሽቦርዱ ሌላ በሌሎች ኮምፒውተሮችም ስለሚመዘገብ ጥሩ የምርመራ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ልዩነቱን ሊያገኝ ይችላል።

በመጨረሻ ግን ነገሩ ወረቀት ላይ ይወድቃል፤ የኢትዮጵያ ገበያ ከሌላው ዓለም የሚደክመውም እዚህ ላይ ነው። ያ 310 ሺህ ዶላር ያወጣ ዳትሰን ያን ያህል ያወጣው ቆጣሪው ዝቅ ስላለ ብቻ አልነበረም። የመኪናው ሕይወት በሰነድ ሊከተሉት የሚቻል ነበር። እዚህ ሊብሬው የባለቤቱን ስም፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዓመት ይነግራል፤ የነዳውን ኪሎ ሜትር አይመሰክርም። ደላላው የሚያውቀው ትናንት ማን እንደያዘው ነው። የቀደመውን የሚያውቅ የለም።

የሚያስቆጨው ግን የጠፋው ማስረጃ ተጽፎ የነበረ መሆኑ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ የእርዳታ ድርጅት መኪና ያለ ስምሪት ወረቀት ከግቢ አይወጣም። ሾፌሩ ሲወጣ ቆጣሪው ስንት እንደነበር፣ ሲመለስ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሊትር ነዳጅ እንደቀዳ፣ መቼ ዘይት እንደቀየረ ይጻፋል። ይህ በዓለም ላይ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት መዝገብ ነው። ያቤሎ፣ ነገሌ፣ ሞያሌ ባሉ ቢሮዎች የስምሪት ክፍል መደርደሪያ ላይ የ20 ዓመት የመኪና ሕይወት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ይኖራል፤ መኪናው በጨረታ ሲሸጥ ግን ገዢው ቁልፍና ሊብሬ ይረከባል እንጂ ያን መዝገብ አይረከብም። መዝገቡም በጊዜው ከሌላው አሮጌ ወረቀት ጋር ይወገዳል።

የሚያስፈልገው አዲስ ሕግ ላይሆን ይችላል። ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት በማስታወቂያው ላይ ከሰሌዳና ከሞዴል ጋር የመጨረሻውን የስምሪት ቁጥር ቢጽፍ፣ የጥገና ፋይሉንም ከመኪናው ጋር ቢያስረክብ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ገዢም ሳይጭበረበር ይገዛል። ነዳጅ መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር በማይገባበት ዘመን አሁን ያሉት መኪኖች ብዙ እጅ ይለውጣሉ፤ መዝገባቸውም እጅ በእጅ ቢሄድ ደግ ነበር።

እስከዚያው ድረስ ያቤሎ ላይ እድለኛ የሆነ ፈላጊ ራሱ መጠየቅ ይችላል። መኪናው ከየትኛው ድርጅት እንደወጣ ከታወቀ የቀድሞ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ከተማ ይኖራል፤ የትኛው ወንዝ ላይ እንደተዋጠ፣ ካምቢዮው መቼ እንደወረደ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ቀረጡ መከፈሉን ከጉምሩክ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ያለዚያ ስም ማዞር አይቻልም። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳሰልም በተወለወለ ግቢ ውስጥ በጥላ ሆኖ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ፣ ቁጥሩ የተመታበትን ብረት በጨርቅ አጽድቶ፣ አንድ በአንድ እያነበቡ ነው።